መግቢያው አንድ ከሆነ መውጫውስ?

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ባለፈው ሴሚስተር በራሴ ላይ የደረሰ ነገር ነው። ነገሩ የእኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ በሻይ ሰዓት ለጓደኞቼ አጫውቼ በተውሁት ነበር። ነገር ግን ከእኔ በኋላ ሌሎች ሁለት ተማሪዎች ተመሳሳይ አቤቱታ ይዘው ወደ ኅብረታችን ጽሕፈት ቤት መምጣታቸውን ሰማሁ፤ በሚቀጥለውም ጠቅላላ ስብሰባ ጉዳዩ እንደሚነሣ ተነግሮኛል። ስለዚህ ጩኸቱ ከመጀመሩ በፊት ሐሳቤን በጽሑፍ ማስቀመጥ ይሻላል ብዬ አሰብሁ።

ታሪኩ አጭር ነው። ኮርስ የሚጨመርበትና የሚሰረዝበት ሳምንት የመጨረሻው ቀን ዐርብ ነበር። ከረፋዱ ጀምሮ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ካሉት ኮምፒውተሮች በአንዱ ላይ ተቀምጬ መጽሐፍ ስፈልግ ቆየሁ። እንደምታውቁት ካለፈው ዓመት ወዲህ የቤተ መጻሕፍቱ፣ የኢሜይሉና የሬጅስትራሩ ድረ ገጾች በአንድ የመግቢያ ስምና በአንድ የይለፍ ቃል ይከፈታሉ፤ በአንዱ የገባ ሰው ለሌሎቹ ዳግመኛ አይጠየቅም። የምሳ ሰዓት ሲደርስ በቤተ መጻሕፍቱ ገጽ ላይ «ውጣ» የሚለውን ተጭኜ፣ ገጹም «ወጥተዋል» ብሎ አሰናብቶኝ፣ ወደ ካፍቴሪያ ሄድሁ። ከእኔ ቀጥሎ በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠው ተማሪ የሬጅስትራሩን ገጽ ሲከፍት ማንም ሳይጠይቀው በእኔ ስም ገባ። የራሱ መስሎት ይሁን በሌላ ምክንያት አንድ ኮርስ ሰረዘ። ማን እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ክፉ ሰው ነው ብዬም አላምንም። እኔ ነገሩን ያወቅሁት ከሁለት ሳምንት በኋላ መምህሩ ስም ሲጠሩ ስሜ ሳይጠራ በቀረ ጊዜ ነው። ኮርሱ ለሌሎች ሦስት ኮርሶች መሠረት ነው፤ የሚሰጠውም በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እንግዲህ ቁጥሩን እናንተው ደምሩት።

አቤት ለማለት ሄድሁ። የተቀበሉኝ ሴት ደግ ሰው ናቸው፤ መዝገቡን ከፍተው በሐዘን ተመለከቱኝና «ልጄ፣ እዚህ ላይ አንተ ነህ የሰረዝኸው ይላል፤ ማሽኑ ደግሞ አይዋሽም» አሉኝ። ሰዓቱን እንዲነግሩኝ ለመንኋቸው። ስድስት ሰዓት ከሃያ አምስት ደቂቃ። በዚያን ሰዓት እኔ ምሳ ላይ ነበርሁ፤ የምግብ ካርዴም ስድስት ሰዓት ከሃያ ላይ በካፍቴሪያው በር ተመዝግቧል። ይህንኑ ነግሬያቸው የካፍቴሪያውን መዝገብ ቅጂ ባመጣም «እርሱ የእኛ ክፍል ማስረጃ አይደለም» የሚል መልስ ከበላይ መጣልኝ። የአንድ ዩኒቨርሲቲ ሁለት መዝገቦች እርስ በርሳቸው ሲካሰሱ የሚፈረደው እንግዲህ በተማሪው ላይ ነው።

ከዚህ ተነሥተው አንዳንድ ጓደኞቼ «መግቢያው እንደ ድሮው ለየብቻው ይሁን» ይላሉ። በዚህ አልስማማም። የድሮውን ረሳነውን? ለሬጅስትራሩ አንድ፣ ለኢሜይሉ አንድ፣ ለቤተ መጻሕፍቱ አንድ፣ ለትምህርት ማቅረቢያው ገጽ አንድ፣ ለመኝታ ክፍል ምደባ አንድ፤ በአልጋችን ራስጌ ላይ በወረቀት ለጥፈናቸው የክፍሉ ሰው ሁሉ እንደ ግድግዳ ሥዕል ያያቸው ነበር። ወረቀት ያልለጠፈው ደግሞ ለአምስቱም አንድ ቃል ይሰጥ ነበር፤ ስለዚህ ከአምስቱ ደካማው ሲሰበር ሌሎቹም አብረው ይከፈቱበታል። ከሁሉም ይልቅ የመታወቂያ ካርዳችንን አስቡት። ዘበኛው፣ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛና የካፍቴሪያው ተቆጣጣሪ ያንኑ ካርድ ያያሉ፤ የእያንዳንዱ በር ጠባቂ የየራሱን ካርድ ያድለን ብሎ የሚከራከር ሰው እስካሁን አላገኘሁም። አንድ መግቢያ ትክክል ነው። ስሕተቱ ያለው ሥራው በግማሽ በመቅረቱ ነው።

ይህን ለማሳየት ድረ ገጽ ሰውን እንዴት እንደሚያውቅ ጥቂት መናገር ግድ ይሆንብኛል፤ የኮምፒውተር ትምህርት ክፍል ጓደኞቼ ስለማሳጥረው ይቅር ይበሉኝ። ድር በተፈጥሮው ረሺ ነው፤ ገጽ በጠየቅን ቁጥር እንደ አዲስ እንግዳ ይቀበለናል። እ.ኤ.አ. በ1994 ሉ ሞንቱሊ የተባለ የኔትስኬፕ ኩባንያ መሐንዲስ ለዚህ መላ አበጀ። ሰርቨሩ ለብራውዘሩ አንዲት ትንሽ ጽሑፍ ይሰጠዋል፤ ብራውዘሩም ተመልሶ በሄደ ቁጥር ያችኑ ያሳያል። ስሟ ኩኪ ነው። በቤተ መጻሕፍቱ በር ቦርሳችንን ስናስቀምጥ ከምትሰጠን ባለ ቁጥር ካርድ ብዙም አትለይም።

የኩኪ ዋናው ሕግ ግን ለሰጣት ስም ብቻ መመለሷ ነው። አንድ ድረ ገጽ የሰጣትን ሌላ ስም ያለው ድረ ገጽ አያያትም። በአንድ ዩኒቨርሲቲ ስም ሥር ያሉ ገጾች፣ ከፈለጉ፣ አንዲት ኩኪ ሊካፈሉ ይችላሉ፤ ከዚያ በላይ ግን ክልክል ነው። የአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ድረ ገጾች ስም «ኢዲዩ ነጥብ ኢቲ» በሚለው ያበቃል። ታዲያ አንድ ገጽ ተነሥቶ «ይህች ኩኪ በዚህ ጫፍ ለሚያበቁ ሁሉ ትሁን» ቢል ብራውዘሩ እምቢ ይለዋል። ለምን ቢሉ፣ ሞዚላ የጀመረው፣ ዛሬ ታላላቆቹ ብራውዘሮች ሁሉ የሚመሩበት የተከለከሉ ጫፎች ዝርዝር አለ፤ የእኛም ጫፍ በዚያ ተጽፏል። ባይጻፍ ኖሮ ጎንደር ላይ የተሰጠች ኩኪ ጅማና ሐዋሳም ላይ ትታይ ነበር። ክልከላው እኛን ለመጠበቅ የተደረገ ነው።

እንግዲህ ስማቸው የተለያየ ድረ ገጾች አንድን ሰው በጋራ ማወቅ ሲፈልጉ ኩኪ አይለዋወጡም፤ ደብዳቤ ይጻጻፋሉ። ቀበሌ ሄዶ የድጋፍ ደብዳቤ ያጻፈ ሰው ሁሉ ዘዴውን ያውቀዋል። ቤተ መጻሕፍቱ «አላውቅህም፣ ከዋናው በር ደብዳቤ ይዘህ ና» ብሎ ይልከኛል። ዋናው በር ስሜንና የይለፍ ቃሌን ጠይቆ ካረጋገጠ በኋላ «የያዘው ሰው እገሌ ነው» የሚል ባለ ማኅተም ደብዳቤ ይሰጠኛል። ቤተ መጻሕፍቱ ማኅተሙን አይቶ ያስገባኛል፤ የይለፍ ቃሌን ግን ከቶ አያየውም። ደብዳቤውም «ለሚመለከተው ሁሉ» ተብሎ የተጻፈ አይደለም። የተቀባዩ ስም አለበት፤ የሚያገለግለውም ለጥቂት ደቂቃዎች ነው። ይህ ሁሉ የሚሆነው ዐይናችን ሳይርገበገብ ስለሆነ አናየውም።

ይህ ጥበብ ከየት መጣ ቢባል ከዩኒቨርሲቲ ግቢ ነው። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1983 አቴና የተባለውን ፕሮጀክት ሲጀምር ተማሪዎች በጋራ የሚገለገሉባቸው ብዙ ኮምፒውተሮች ነበሩት፤ ለእነርሱ ሲባል የተሠራው የመግቢያ ሥርዓት በግሪኮች ተረት የሙታንን በር በሚጠብቀው ባለ ሦስት ራስ ውሻ ስም ከርቤሮስ ተባለ። በኋላም የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር የሆነው ኢንተርኔት ቱ እ.ኤ.አ. በ2000 በተለያዩ ተቋማት መካከል የሚያገለግል ሌላ ሥራ ጀመረና ሺቦሌት አለው። ስሙን ከመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 12 የወሰዱት ነው። የገለዓድ ሰዎች በዮርዳኖስ መሻገሪያ ላይ ቆመው አላፊውን ሁሉ «ሺቦሌት» በል ይሉታል፤ ኤፍሬማዊ ከሆነ «ሲቦሌት» ይላል፤ በዚያም ቀን አርባ ሁለት ሺህ ሰው አለቀ። በአንድ ቃል ምክንያት አንገት ሊቀላ እንደሚችል የሚያስታውስ ስም ለመግቢያ በር መስጠታቸውን አደንቃለሁ። የእኔ ጉዳት ቢያንስ አንድ ዓመት ብቻ ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። ደብዳቤው ከተጻፈ በኋላ እኔን የሚያውቁኝ ሦስት ናቸው፤ ዋናው በር፣ ቤተ መጻሕፍቱና፣ ከከፈትሁት፣ ሬጅስትራሩ። እያንዳንዱ በየራሱ መዝገብ «እገሌ ውስጥ ነው» ብሎ ጽፏል። በቤተ መጻሕፍቱ ገጽ ላይ «ውጣ» ስል የሚሰረዘው የቤተ መጻሕፍቱ መዝገብ ብቻ ነው፤ ዋናው በር እንደ ገባሁ ነው የሚያውቀው። ተከታዩ ሰው ሬጅስትራሩን ሲከፍት ሬጅስትራሩ ወደ ዋናው በር ይልከዋል፤ ዋናው በርም «ይህን ብራውዘር አውቀዋለሁ፣ ጧት አረጋግጬዋለሁ» ብሎ ማኅተሙን ያሳርፍለታል። ማሽኑ አልዋሸም፤ እርግጥ ነው። ያልዋሸው ግን ስለ ብራውዘሩ ነው፤ በወንበሩ ላይ ስለ ተቀመጠው ሰው የሚያውቀው ነገር የለም። «ወጥተዋል» የሚለው ቃል ግን፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ውሸት ነው። ከአንድ ክፍል ወጥቼ በአዳራሹ ውስጥ ነበርሁ።

ይህ ችግር አዲስ ግኝት አይደለም። ደብዳቤዎቹ የሚጻፉበት ሳምል የተባለው ደንብ ሁለተኛው እትም እ.ኤ.አ. በ2005 ሲጸድቅ ከሁሉም በአንድ ጊዜ የመውጣትን ሥርዓት ይዞ ነው የወጣው፤ ዋናው በር ደብዳቤ ለጻፈላቸው ሁሉ «ሰውየው ወጥቷል፣ ሰርዙት» የሚል መልእክት ይልካል። በሥራ ላይ ግን አስቸጋሪ መሆኑን አልክድም። ከተላከላቸው አንዱ በዚያች ደቂቃ ተኝቶ ከሆነ መልእክቱ ይጠፋል። ከዚህም ሌላ የመልእክቱ አንዱ መንገድ በብራውዘር ውስጥ የሚያልፍ ሲሆን በሌላ ድረ ገጽ ገጽ ውስጥ ሆኖ የራስን ኩኪ ማየትን ይጠይቃል፤ ለማስታወቂያ ሰላዮች ሲባል ሳፋሪ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ይህን ጨርሶ ዘግቶታል። ስለዚህ የኮምፒውተር ማእከላችን ሠራተኞች «ቀላል አይደለም» ቢሉን አምናቸዋለሁ።

የማላምነው ከዚህ በኋላ ምንም ማድረግ አይቻልም ቢሉ ነው። ኮርስ መሰረዝን፣ የይለፍ ቃል መለወጥን፣ የግቢ መልቀቂያ መሙላትን የመሰለ የማይመለስ ነገር ከመፈጸሙ በፊት ሬጅስትራሩ ዋናውን በር «እንደ ገና ጠይቀው» ብሎ ማዘዝ ይችላል፤ ይህም መብት በዚያው በ2005ቱ ደንብ ውስጥ ተጽፎለታል። አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ብቻ ነው። ያን ዐርብ ያ ጥያቄ ቢቀርብ ኖሮ እንግዳው ቃሉን ስለማያውቅ እዚያው ይቆም ነበር፤ የራሱ መስሎትም ከሆነ ስሕተቱን ያውቅ ነበር። የቤተ መጻሕፍቱም ኮምፒውተሮች ሰው በተነሣ ቁጥር የብራውዘሩን ትዝታ እንዲጠርጉ ማድረግ የሰማይ ያህል የራቀ ነገር አይደለም። «ውጣ» የሚለውም ቃል የሚያስወጣው ከየት እንደ ሆነ በግልጥ አማርኛ ይጻፍበት።

ሌላም ልብ ያላልነው ነገር አለ፤ ይህኛው የራሳችን የተማሪዎች ጉዳይ ነው። ክረምት ላይ ኔትወርክ ወደማይደርስበት አገሩ የገባ ልጅ ከኮረብታ ላይ ስልክ ይደውልና «ወንድሜ፣ ውጤቴን እይልኝ» ብሎ የይለፍ ቃሉን ይነግረናል። ሁላችንም አድርገነዋል፤ እኔ ለሦስት ሰዎች አይቻለሁ፣ ለእኔም ታይቶልኛል። ቃሎቹ የተለያዩ በነበሩበት ዘመን ለጓደኛ የምንሰጠው ውጤታችንን ብቻ ነበር። ዛሬ ያችው አንዲት ቃል ኢሜይላችንን፣ የግል ደብዳቤያችንን፣ ኮርስ የመሰረዝ ሥልጣናችንንም አብራ ትሰጣለች። በሮቹ ሲጣመሩ የቃሉ ዋጋ በብዙ እጥፍ መጨመሩን የነገረን ሰው የለም፤ እኛም እንደ ድሮው በስልክ ጮክ ብለን እንናገረዋለን። «ቃልህን ለማንም አትስጥ» ማለት ቀላል ነው፤ ግን ውጤቱን ለማየት አርባ ኪሎ ሜትር የሚሄደውን ልጅ ምን ትሉታላችሁ? ውጤትን ብቻ በአጭር የስልክ መልእክት መላክ ቢጀመር የይለፍ ቃል መዋዋሱ በአብዛኛው በራሱ ይቀር ነበር።

በኅብረታችን ምክር ቤት ውስጥ ደግሞ ሌላ ሐሳብ ያላቸው አሉ፤ ከመካከላቸው የቅርብ ወዳጆቼ ይገኛሉ። «ይህን ሁሉ ጣጣ ለምን እንሸከማለን? ሁሉም ሰው የጉግል ወይም የፌስቡክ አካውንት አለው፤ በዚያ እንግባ» ይላሉ። ቁልፉ ያማረ መሆኑን አልክድም፤ ቁልፉን የሚይዘው ማን ነው የሚለውን ግን እንጠይቅ። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1999 ፓስፖርት የተባለ አንድ መግቢያ ለዓለም ድረ ገጾች ሁሉ አቅርቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 አንድ የፓኪስታን ተመራማሪ አንድ አድራሻ በብራውዘር ላይ በመጻፍ ብቻ የማንንም ሰው የይለፍ ቃል መለወጥ እንደሚቻል አሳየ፤ ኢቤይ የተባለው የገበያ ድረ ገጽም እ.ኤ.አ. በ2005 ፓስፖርትን ተወው። ፌስቡክ በበኩሉ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2018 ወደ 50 ሚሊዮን በሚጠጉ አካውንቶች ላይ ጥቃት መድረሱን አስታወቀ፤ በኋላ ቁጥሩን ወደ 30 ሚሊዮን ዝቅ አድርጎታል። የተሰረቁት የመግቢያ ቶክኖች ስለነበሩ በፌስቡክ ስም የሚገባባቸው ሌሎች ድረ ገጾች ሁሉ ሥጋት ላይ ወደቁ። በእነዚያ ላይ ጉዳት መድረሱን የሚያሳይ ምልክት አላገኘንም ማለቱን በሐቅ መጨመር አለብኝ።

ለእኛ ግን ከዚህ የቀረበ ትምህርት አለ። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ በአገራችን ታግዶ መቆየቱን ሁላችንም እናስታውሳለን። ብዙ ሰው ቪፒኤን እየጫነ ተሻገረ፤ በቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር ላይ ግን ቪፒኤን መጫን አይፈቀድልንም። የሬጅስትራራችን በር በዚያ ቁልፍ ቢሆን ኖሮ፣ ለፖለቲካ ተብሎ የተዘጋ አንድ ገጽ የኮርስ ምዝገባችንንም አብሮ ይዘጋው ነበር። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ኩባንያው በስሕተት ቢዘጋብኝ አቤት የምልበት በር የት አለ? የእኛው ሬጅስትራር መልሱ ባይጥመኝም ቢያንስ ያንኳኳሁት በር አለው፤ «ልጄ» የሚለኝ ሰውም ከውስጥ አለ።

በራስ ቤት መሥራት አይቻልም እንዳይባል ዊኪፔዲያን ተመልከቱ። ቀድሞ በእያንዳንዱ ቋንቋ የየራሱ አካውንት ነበረው፤ በአማርኛው የተመዘገበ ሰው በእንግሊዝኛው እንግዳ ነበር። አካውንቶቹን ሁሉ አንድ የማድረጉ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2015 ተፈጸመ። ዛሬ በአማርኛው የገባ በእንግሊዝኛውም ይታወቃል፤ ስማቸው ጨርሶ በሚለያዩት እንደ መዝገበ ቃላቱ ባሉ እኅት ድረ ገጾችም እንዲሁ። ይህን ያደረገው በልገሳ የሚኖር ድርጅት ነው። ዩኒቨርሲቲዎቻችንም አንድ ቀን አንዱ የሌላውን ደብዳቤ ቢቀበሉ፣ የጎንደሩ ተማሪ ለጥናት አዲስ አበባ ሲመጣ በራሱ ዩኒቨርሲቲ ስምና ቃል ቤተ መጻሕፍቱን ቢከፍት ደስ ይለኛል። ድር ቢያብር የሚለው ምሳሌ ለዚህ ድርም ይሠራል። ነገር ግን በአንድ ግቢ ውስጥ ያለውን መውጫ ሳናበጅ ያንን መጀመር ጉዳቱን ከአንድ ግቢ ወደ ብዙ ግቢ መላክ ይሆናል።

ስለዚህ በጠቅላላው ስብሰባ ላይ የማቀርበው ሐሳብ መግቢያው አንድ እንደ ሆነ እንዲቆይ፣ ቁልፉም በዩኒቨርሲቲው እጅ እንዲሆን ነው። ኮርስ ከመሰረዙ በፊት ቃሉ እንደ ገና እንዲጠየቅ የኅብረቱ ሊቀ መንበር ለዲኑ በጽሑፍ እንዲያመለክት እጠይቃለሁ። በተለይ ደግሞ «ማሽኑ አይዋሽም» የሚለው መልስ የመጨረሻ ፍርድ እንዳይሆን፣ ተማሪው በዚያ ሰዓት ሌላ ቦታ እንደ ነበር የሚያሳይ የራሱ የዩኒቨርሲቲው መዝገብ ሲያቀርብ የሚያይለት አንድ ኮሚቴ ይቋቋም። ኮሚቴው ሦስት ሰው ቢሆን ይበቃል፤ አንዱ ከኮምፒውተር ማእከል፣ አንዱ ከሬጅስትራር፣ አንዱ ከእኛ።

የካፍቴሪያው መዝገብ ቅጂ በእጄ ነው፤ ማኅተምም አለበት። ኮርሱ እንደ ገና የሚሰጠው በመጪው ዓመት ነው። ተመሳሳይ ነገር የደረሰባችሁ ብትኖሩ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፋችሁ ከስብሰባው በፊት በኅብረቱ ጽሕፈት ቤት ሣጥን ውስጥ ጨምሩልኝ፤ የይለፍ ቃላችሁን ግን አትጻፉ።